የምርምር ኮምፒውተሮችን በወንፈል ማሠራት፦ አንድ የጋራ የይለፍ ቃል ያስከፈለን ዋጋ

ጎጃም ውስጥ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም አስተምራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮቻችንን አስተባብሬ ለምርምር የሚያገለግል የጋራ የስሌት መረብ ዘርግቼ ነበር። በሥራው ኮርቻለሁ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ዕዳውንም የከፈለችው አንዲት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ባልደረቦቼ የጮቄን ዝናብና የግልገል ዓባይን ፍሰት በሞዴል ያሰላሉ። አንዱ ስሌት በአንድ ላፕቶፕ ሳምንታት ይፈጃል። በሌላ በኩል 24 የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት ያለ ሥራ ያድራሉ። የዚህ ዓይነቱን አሠራር ፈረንጆቹ «ግሪድ» ያሉት ከኤሌክትሪክ መረብ ወስደው ነው፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው ማመንጫው የት እንዳለ እንደማይጨነቅ ሁሉ ስሌት ፈላጊም እንዳይጨነቅ በማሰብ። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የቅንጣት ማፋጠኛ መረጃ የሚሰላው በዚህ መንገድ፣ ከ40 በሚበልጡ አገሮች ባሉ 170 ያህል ማዕከላት ነው። እኔ ግን ለባልደረቦቼ ሳስረዳ «ወንፈል ነው» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። በወንፈል ግን ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የማን በሬ ስንት ቀን አረሰ የሚለው አንድም ሳይቀር ይታወቃል። ቃሉን እየጠራሁ ይህን ረሳሁት።

ተከላው ከባድ አይደለም። በሁሉም ላይ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና ጫንኩ፤ ሥራ የሚያከፋፍለው ኤችቲኮንዶር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ተማሪ ቁልፍ ሰሌዳውን ሲነካ ስሌቱን ገታ አድርጎ ቦታ እንዲለቅ ማድረግ ይቻላል። መብራት ስለሚጠፋ ስሌቶች በየሰዓቱ የደረሱበትን እንዲያስቀምጡ አድርጉ። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰዓቱ የተዛባ ማሽን ደግሞ የሌሎችን ማሽኖች ማንነት የሚያረጋግጡ ዲጂታል የምስክር ወረቀቶችን «ጊዜው ገና ነው» እያለ ይመልሳል። ሁሉም ሰዓታቸውን ከአንድ ሰርቨር ይውሰዱ። አንድ ባልደረባችን በቅንነት በአገራችን አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ አስተካክሎት ሙሉ ቀን ባክኖብናል።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

ዘጠኝ ተመራማሪዎች ነበርን። ለእያንዳንዱ መለያ (አካውንት) መክፈት አድካሚ ስለመሰለኝ አንድ የጋራ መለያ ከፈትኩ፤ የይለፍ ቃሉም አንድ ነበር። ሁሉም የሚፈልገውን ፕሮግራም ራሱ እንዲጭን ብዬ ለመለያው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሰጠሁት። ከዋናው ሰርቨር ወደ 24ቱም የሚያስገባ ቁልፍ፣ ማለትም በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያገለግል ምስጢራዊ ፋይል፣ ያለ ምንም መቆለፊያ እዚያው ማህደር ውስጥ አስቀመጥኩ። ሰዎች ከቤታቸው እንዲገቡ በማለትም ዋናውን ሰርቨር ለኢንተርኔት ከፈትኩት። እያንዳንዱ ውሳኔ ያን ዕለት ለመልካም ሥራ የተደረገ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄደዋል። አንድ ጠዋት የሕንፃው ጥበቃ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ በር ላይ ጠበቁኝ። «መምህር፣ ያ ክፍል ምን ሆኗል? ተማሪ የለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል። በበሩ ሥር የሚወጣው አየር ይሞቃል።»

ገብቼ አየሁ። የሥራ ወረፋው ባዶ ነው፤ ሁሉም ፕሮሰሰሮች ግን መቶ በመቶ ተይዘዋል። የሲስተሙን አገልግሎት በሚመስል ስም የተደበቀ ፕሮግራም ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ይቆፍር፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት ያመርት ነበር። ሞኔሮ በተራ ፕሮሰሰር ስለሚቆፈር እንደ እኛ ያለ ቤተ ሙከራ ለሌባ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። የመግቢያ መዝገቡን ስከፍት ለሦስት ሳምንታት የይለፍ ቃላችንን ሲገምቱ ከርመው አንድ ሌሊት ገብተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው በእኛው የጋራ ስም የተሞላ ነው። የትኛው የእኛ ሰው፣ የትኛው የሌባው እንደሆነ የሚለይ አንዳች ነገር የለም።

የውጭውን መስመር እንዲዘጉልኝ የሚመለከታቸውን ጠየቅሁ። በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ፈራሚው መስክ ላይ ናቸው፤ ተወካይ የለም። ሌባው ቤት ውስጥ እያለ አራት ቀን ፊርማ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ገመዱን ራሴ ነቀልኩት። በሳምንቱ «ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት በመንካት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ማሽኖቹ በሙሉ ወዲያው ፎርማት ይደረጉ የሚል ነበር። መመሪያው እንደዚያ ይላል። ታዘዝኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። መዝገቡን አልገለበጥኩም፤ ዲስኩን አላስቀረሁም። ተማሪዋ መጥታ «ታዲያ የእኔን የዝናብ መረጃ ነክተውታል?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ሌባው ለገንዘብ እንደመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይዞ በገባበት ማሽን ላይ ያለውን የምርምር ውጤት «አልተነካም» ብሎ የሚፈርም ሰው እኔ ልሆን አልቻልኩም። አማካሪዋም አልፈረሙም። ከጥሬ መረጃው እንደገና ጀመረች።

ይህ በእኛ ድህነት ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። በግንቦት 2012 ዓ.ም. በኤድንብራ የነበረው አርቸር የተባለው ሱፐር ኮምፒውተርና በጀርመን ያሉ በርካታ የስሌት ማዕከላት በተሰረቁ መግቢያዎች ተሰብረው ተዘግተዋል። አርቸር ሲከፈት የሁሉም ተጠቃሚ የይለፍ ቃልና ቁልፍ ተለውጧል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ መለያ ክፈቱ፤ ሦስት ሰው ብቻ ብትሆኑም። ለኢንተርኔት በተከፈተ ሰርቨር ላይ በይለፍ ቃል መግባትን ዝጉ፤ በግል ቁልፍ ብቻ ይግባ፤ ቁልፉም የራሱ መቆለፊያ ይኑረው። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ለሁለት ሰው ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን የመግቢያ መዝገቡ በዚያው ሰዓት ወደ ሌላ፣ ማንም ተጠቃሚ ወደማይገባበት ማሽን ይተላለፍ። ለእኛ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በቅቶናል። የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ይለወጥ የሚለውን የቢሮ መመሪያ አልቀበለውም፤ ሰው መጨረሻው ላይ ቁጥር እየጨመረ ያልፈዋል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስለወጥን አይመክርም። ሌባ ማሽን ሰብሮ ሲገባም መጀመሪያ የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉ፤ ከዚያ ዲስኩን ገልብጡ፤ ፎርማት የመጨረሻው ነው። ማን ገመድ እንደሚነቅል ደግሞ ችግር ሳይመጣ በጽሑፍ አስወስኑ። እኛ ያን ወረቀት ለማስፈረም ስድስት ወር ፈጅቶብናል፤ አሁን ግን በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የጥበቃው ስልክ ቁጥርም አብሮ አለበት።

መረቡ ዛሬ በ31 ኮምፒውተሮች ይሠራል። የተማሪዋ ሁለተኛ ስሌት ታኅሣሥ ላይ ተጠናቀቀ። ቁጥሮቹን ከመጀመሪያው ጋር አንድ በአንድ አስተያየናቸው። አንዳችም ልዩነት አልነበራቸውም። መስከረም ላይ ልትከላከል የነበረውን ጽሑፍ ሚያዝያ ላይ ተከላከለች።