ቢራቢሮ ማየት የፈለገ መጀመሪያ ቅጠሉን ይፈልግ

ዛንዚባር ላይ፣ ከጆዛኒ ደን አጠገብ ፔቴ በምትባል መንደር፣ የቢራቢሮ ማዕከል አለ። በመረብ የተከለለ የአትክልት ቦታ ነው። የአካባቢው ሰዎች አባጨጓሬ ያሳድጋሉ፣ ሙሽሬውን (አባጨጓሬው ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ልጥ ውስጥ የሚቆይበትን ደረጃ) ለማዕከሉ ይሸጣሉ፣ ጎብኚ ከፍሎ ገብቶ ያያል። እዚያ የመግባት ዕድል ያገኘ ሰው ዓይኑን ከሚበሩት ላይ ትንሽ አንስቶ ሙሽሬዎቹ ወደተሰቀሉበትና አባጨጓሬዎቹ ወደሚበሉት ቅጠል ቢያዞር ብዙ ይማራል። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው፤ ጎንደር ላይ ቢራቢሮ ለማግኘት የሚጠቅመውም ያው እውቀት ነው። አባጨጓሬው የሎሚ ቅጠል የሚበላው ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የሚባለው ቢራቢሮ ዛንዚባርም አለ፣ እኛም ግቢ አለ።

ብዙ ሰው ቢራቢሮን የሚያስባት ከአበባ ጋር ነው። አበባ ግን ለእሷ የመንገድ ዳር ሻይ ቤት ነው፤ ጠጥታ ትሄዳለች። እንቁላል የምትጥልበት ተክል ግን የተወሰነ ነው፤ ልጆቿ ሌላ ቅጠል ቢሰጣቸው ሳይበሉ ይሞታሉ። ስለዚህ ተክሉን ያወቀ ሰው ቢራቢሮ እያባረረ አይሮጥም። ሎሚ፣ ትርንጎና ብርቱካን የፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ናቸው። ጤና አዳምም የሎሚ ዘመድ ስለሆነ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ ማየት አይከፋም። ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጣው፣ ፍሬው እንደ ፊኛ የተነፋ የአጥር ዳር ቁጥቋጦ፣ ወደ ቆላው ደግሞ ቅንቦ፣ ብርቱካንማዋን ዳናዩስ ክራይሲፐስን ያስተናግዳሉ። ማገጥ የሚበቅልበት መስክ ላይ ዝቅ ብላ የምትከንፈው ቢጫ ወደ ብርቱካን የምታደላው ኮሊያስ ኤሌክቶ ናት፤ የኢትዮጵያ ደጋ ንዑስ ዝርያዋ በሳይንሳዊ ስሙ «ሜኔሊኪ» ይባላል። ሳማ የቫኔሳ አቢሲኒካ ነው። ኮሸሽላ ላይ የቫኔሳ ካርዱይ አባጨጓሬ ይገኛል፤ ይህች ዝርያ ከአፍሪካ ተነስታ ሰሃራን አቋርጣ አውሮፓ ድረስ የምትሰደድ ናት።

ወቅቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ ያሳደገው ቅጠል ገና ለምለም ነው፣ አደይ አበባውም ይፈነዳል። ከታኅሣሥ በኋላ መሬቱ ሲደርቅ ወደ ውኃ ዳር መውረድ ይሻላል።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ ሰው ማልዶ ወጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ጠዋቷ ይቀዘቅዛል። ቢራቢሮ ደግሞ ሙቀቷን በዋናነት የምታገኘው ከፀሐይ ነው፤ የበረራ ጡንቻዋ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተጠጋ እንደልቧ አትበርም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ድንጋይ ወይም ቅጠል ላይ ክንፏን ዘርግታ ትሞቃለች። ለፎቶ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት በረራው ይደምቃል። ስትጠጉ ከፊት ለፊቷ ዝቅ ብላችሁ፣ ጥላችሁ እንዳያርፍባት ተጠንቅቃችሁ ይሁን። የምታስበረግጋት በድንገት የምታልፍ ጥላ ናት። በእጅ መያዝ ደግሞ ይቅር፤ ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፏ ቅርፊት ነው፣ መልሶ አይበቅልም።

ቦታ ለመምረጥ የቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚያክል የለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የከበቡት ጽድና ወይራ፣ የቁስቋም ግቢም፣ ጥላና ፀሐይ የሚቀያየርባቸው ናቸው፤ ቢራቢሮ የምትወደው ይህን ዳርቻ ነው። ከሥራቸው የአገር ውስጥ ቁጥቋጦና ሐረግ ስለሚተርፍ እንቁላል መጣያ አይጠፋም። ባሕር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ቦታ ላይ ግን ከሥሩ ብዙ ነገር ስለማይበቅል ጊዜ አታባክኑ። ቅዳሴ ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ሂዱ፣ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ፣ ከግቢው ቅጠልም ሆነ አባጨጓሬ አትውሰዱ። ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ላይ ሥሮቻቸው ግንቡን ያቀፉት ዛፎች አሉ፤ እንዲህ ካሉ የዋርካና የሾላ ወገኖች ሥር ፍሬ ወድቆ ሲቦካ፣ አበባ የማይቀምሱት ካራክሴስ የሚባሉት ፈጣን ቢራቢሮዎች ለጭማቂው ይመጣሉ። ከዚያ ወደ ቀሃ ወንዝ ዳር ወርዳችሁ እርጥብ አሸዋና ከብት የጠጣበትን ጭቃ ተመልከቱ። ተሰብስበው ጭቃ የሚመጥጡት ቢራቢሮዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ የሚፈልጉት ጨው ነው።

ካራክሴስን ግቢያችሁ መጥራት ይቻላል። በጣም የበሰለ ሦስት አራት ሙዝ ፍጩ፣ አንድ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት የጠላ አተላ ጨምሩበት፣ ለ2 ወይም 3 ቀን አስቀምጡት። ክዳኑ ላላ ይበል፤ ሲቦካ ጋዝ ስለሚያወጣ ጥብቅ የተዘጋ ዕቃ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ገመዱን ዘይት ወይም ግራሶ ቀቡት፤ አለዚያ ከቢራቢሮዋ በፊት ጉንዳን ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ሎሚው እንመለስ፤ ልጆች ላሉበት ቤት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። እንቁላሉ ክብ፣ ቢጫማ፣ ከስፒል ራስ የማይበልጥ ነው፤ ለጋ ቅጠል ላይ አንድ አንድ ሆኖ ይጣላል። በሳምንት ገደማ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍ እንዳትበላው መደበቂያው ነው። ሲያድግ ቆዳውን ቀይሮ አረንጓዴ ይሆናል። ያን ጊዜ በቀስታ ብትነኩት ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ ቀላ ያለ ቀንድ አውጥቶ የሚሰነፍጥ ሽታ ይለቃል። አይናደፍም።

ለማሳደግ ቁመቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ይበቃል፤ አንዱን ጎን ቀዳችሁ በሻሽ ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍኑት። የወባ አጎበር በጭራሽ አትጠቀሙ፤ በተባይ ማጥፊያ የተነከረ ስለሆነ አባጨጓሬውን ይገድለዋል። የሎሚውን ቅርንጫፍ ውኃ ባለው ጠርሙስ ክተቱ፣ አፉን ግን በጥጥ ድፈኑት፤ አለዚያ አባጨጓሬው ወርዶ ይሰምጣል። ቅጠሉን በየቀኑ ቀይሩ፣ ከታች የተጠራቀመውን ቆሻሻ ጥረጉ። በክዳን የታፈነ ብልቃጥ ውስጥ የሚያሳድጉ ሰዎች አባጨጓሬ የሚሞትባቸው እርጥበቱ ሻጋታ ስለሚያመጣ ነው። መብላት አቁሞ መንከራተት ሲጀምር አልታመመም፤ ሙሽሬ የሚሆንበትን ቦታ እየፈለገ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት አቁሙለት። በሐር ክር ወገቡን ታጥቆ እንጨቱ ላይ ይጣበቃል፣ 2 ወይም 3 ሳምንት ይቆያል፣ ብርድ ከበዛ ደግሞ ከዚያም በላይ።

የሙሽሬው ልጥ ሳስቶ የክንፉ ጥቁርና ቢጫ በውስጡ ከታየ መውጫው ደርሷል። ጠቁሮ ትንንሽ ቀዳዳ ካወጣ ግን ከመጀመሪያውም እንቁላሏን ውስጡ የጣለች ጥቃቅን ተርብ በልታዋለች፤ ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም። የወጣችው ቢራቢሮ ክንፏ የተጨማደደ ነው፤ ወደ ላይ ወጥታ ተንጠልጥላ መዘርጋት አለባት። በዚህ ጊዜ ከወደቀች ወይም ቦታው ከጠበባት ክንፏ እንደተጣመመ ይደርቃል፣ መብረርም አትችልም። ጥቂት ሰዓት ተዋት፣ ፀሐይ ስትሞቅ ክፈቱላት።

ሎሚው ያላችሁ ደግሞ ቅጠሉ ተበላ ብላችሁ መድኃኒት አትርጩ። ያደገ ዛፍ ጥቂት አባጨጓሬ አይጎዳውም፤ ችግኝ ከሆነ በእጅ ለቅማችሁ ወደ ትልቁ ዛፍ ማዛወር ይበቃል። የአጥር ዳሩን አረም በመስከረም ሙልጭ አድርጎ ማጨድም የተለመደ ነው። ከሳማውና ወተት ከሚያወጣው ቁጥቋጦ አንድ ጥግ እስከ ኅዳር ማብቂያ ቢተው በዚያ ላይ ያለው እንቁላልና ሙሽሬ ይደርሳል። ሳማውን ከልጆች መጫወቻ አርቆ፣ ከጓሮ በኩል መተው ነው።