«ሆኖ ማየት»ን ከራዕያችን ያወጣንበት ስድስት ሳምንት

ድርጅታችን የቢሮ ማሽን ይሸጣል፣ ይጠግናልም። አሁን መዋቅሩ እየተቀየረ ነው። ሽያጩ ሊጠብ፣ ጥገናው ሊሰፋ ተወስኗል። ራዕዩን እንደ አዲስ የማርቀቁ ሥራ ለእኔና ለሦስት ባልደረቦቼ ተሰጠን። ከጀመርን ስድስተኛ ሳምንታችን ነው። ተመሳሳይ ሥራ የተሰጣችሁ ካላችሁ እስካሁን ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «በዘርፉ ቀዳሚና ተመራጭ ድርጅት ሆኖ ማየት»። ሁላችንም ወደድነው። በማግስቱ አንዷ ባልደረባችን ለሁለት የመጋዘን ሠራተኞች አነበበችላቸውና «ይሄ የማን ድርጅት ይመስላችኋል?» አለቻቸው። አንዱ ባንክ አለ። ሌላው ሆስፒታል። ያን ዕለት ጣልነው።

ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ አየን። እኔን የከነከነኝ «ማየት» ነው። የሚያየው ማነው? ሠራተኛው ክፍሉም አለቃውም ሊቀየርበት ነው። ሥራው ይቀጥል አይቀጥል እንኳ እርግጠኛ አይደለም። ዳር ቆሞ የሚያይ ዓረፍተ ነገር ለእሱ ምን ይረባዋል? የሚሠራ ግስ ያስፈልገን ነበር።

ቀጣዩን ሁለት ሳምንት አነበብን። የለውጥ አመራር ምሁሩ ጆን ኮተር በ1995 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ራዕይ በ5 ደቂቃ ውስጥ ተነግሮ ሰሚው ካልገባውና ካልሳበው ሥራው ገና ነው ይላል። ጥሩ መለኪያ ነው። የእኛን አካሄድ የቀየረው ግን የአሜሪካው ኮምፒውተር ኩባንያ የአይቢኤም ታሪክ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በከባድ ኪሳራ ላይ ሳለ ሉ ገርስትነር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። በዚያው ዓመት ለጋዜጠኞች፣ አይቢኤም ለጊዜው ራዕይ ጨርሶ አያስፈልገውም አለ። አቅጣጫ ስላጣ ግን አልነበረም። ኩባንያውን ከፋፍሎ የመበተኑን ሐሳብ ትቶ አንድ ላይ አቆየው። እኔ የተረዳሁት ውሳኔው እንደሚቀድም ነው። ስለዚህ ረቂቁን አስቀምጠን፣ ማኔጅመንቱ የወሰናቸውን ነገሮች በአንድ ገጽ ጻፍን። ምን እንተዋለን? ምን እናሰፋለን? ለማን እንሠራለን?

ከዚያች ገጽ አሁን ያለው ወጣ፦ «ከ5 ዓመት በኋላ፣ ማሽን ተበላሽቶበት ሥራው ከአንድ ቀን በላይ የሚቆም ደንበኛ አይኖረንም።»

በእውነተኛ ክርክር ሞከርነው። በቀረው በጀት መለዋወጫ እንግዛ ወይስ ማሳያ ክፍሉን እናድስ የሚል ጭቅጭቅ ለወራት ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው መልሱ መለዋወጫ ሆነ። እኔ በረቂቁ ያመንኩት ያኔ ነው።

አምስተኛው ሳምንት ከባድ ነበር። ከሽያጭ ክፍል አንድ አንጋፋ ሠራተኛ አነበቡትና «እኛ እዚህ ውስጥ የት አለን?» አሉ። ዝም አልን። እውነታቸውን ነው። ሽያጭ እንደሚጠብ ሁሉም ያውቃል፣ በግልጽ የነገራቸው ግን አልነበረም። የጎደለው ንግግር መሆኑን ተረድተን ቃል ከመጨመር ተቆጠብን። ራዕዩ ከመለጠፉ በፊት አመራሩ የእያንዳንዱን ሰው ድልድል ፊት ለፊት እንዲነግር ጠየቅን፤ ተስማሙ። በነገራችን ላይ፣ የደንበኞቹን ማሽኖች ዕድሜ ከእኒህ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በአዲሱ መዋቅር የጥገና ውሎችን እንዲከታተሉ ሐሳብ አቅርበናል።

አሁን የቀረን «አንድ ቀን» የሚለው ነው። ቴክኒሺያኖቹ ለአንዳንዱ ብልሽት አይበቃም ይላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከእነሱ ጋር ያለፈውን ዓመት የጥገና መዝገብ እናገላብጣለን። ቁጥሩ ሁለት ቀን ካለ፣ ሁለት ብለን እንጽፋለን።