ደሴ ላይ ከሰፈር ሰው ጋር ቤት መስራት፦ ከቅሬው ነው የጀመርኩት

አዲስ የተመረቁ አርክቴክቶች ከህዝብ ጋር ቤት መስራት ከየት ይጀመራል ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፣ ፕላን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ቅሬውን ፈልጉ። ሌላ ቦታ እድር የሚባለው ማለት ነው። ደሴ ላይ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው፣ ድንኳኑና ድስቱ የጋራ ነው፣ መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዡ ይታወቃል፣ ማን እንደተቸገረ ይታወቃል። አዲስ የቤት ማህበር ስታቋቁሙ መተማመን እስኪመጣ ስንት ስብሰባ ይፈጃል፣ እዚህ ግን ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል እኮ።

የምተዳደረው ኮምቦልቻ አንድ አማካሪ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር፣ የሰፈሩ ስራ ቅዳሜና እሁድ ነው። ይሄን በግልፅ ልንገራችሁ፣ በዚህ ስራ ብቻ መጀመሪያ ላይ ኪራይ አይከፈልም። በኋላ ነው ቤተሰቦቹ ለግንባታ ፈቃድ ለሚገባው ፕላን በቅሬው በኩል ትንሽ ትንሽ ማዋጣት የጀመሩት።

ወረቀት ላይ ያለ ፕላን ለብዙ ሰው ምንም አይናገርም፣ ስለዚ ባዶ መሬት ላይ ሲባጎ ወጥረን በኖራ በልኩ እንስላለን፣ ሰው ይገባበታል፣ ይቀመጣል፣ ይጨቃጨቃል። አንዲት እናት ማድቤቱ ውስጥ ቆመው «ልጄ፣ እዚህ ምጣድ ስጥድ ጭሱ በየት ሊወጣ ነው? ወዳጃ ሲኖርብኝስ ይሄ ሁሉ እንግዳ የት ይቀመጥልኛል?» አሉኝ። ወዳጃ ወሎ ውስጥ ሰው ቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። መኝታ ቤቱ ጠበበ፣ ሳሎኑ ሰፋ፣ ማድቤቱ ለብቻው ጓሮ ወጣ። ወንዶቹ በሌሉበት ቡና ላይ ሴቶቹን ካልሰማችሁ ደግሞ ግማሹን ነገር አልሰማችሁም።

ግብፃዊው አርክቴክት ሀሰን ፈትሂ እ.ኤ.አ በ1940ዎቹ ሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የሚባል ውብ የጭቃ ጡብ መንደር ሰርቶ ነበር፣ የጉርና ሰዎች ግን ብዙዎቹ አንገባም አሉ። ከነበሩበት እንዲነሱ የወሰነው መንግስት ነዋ። እኔ ስራውን በጣም ነው የምወደው፣ ግን ይሄን ሁሌ አስበዋለሁ።

ደሴ ላይ ከቤቱ በፊት ውሃው ነው። ከጦሳ ተራራ ስር ያሉት ሰፈሮች ተዳፋት ናቸው፣ የመሬት መንሸራተት የቆየ ችግራችን ነው፣ ክረምት ላይ ውሃው ወደ አፈሩ ሲሰርግ አፈሩ ይከብዳል፣ መያያዙ ይላላል፣ ከዛ በቃ ይሄዳል፣ ድጋፍ ግንብ ብትሰሩም ከጀርባው ጠጠርና ውሃ ማስወጫ ቱቦ ከሌለው ግንቡን ራሱን ይገፋዋል። ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚፈታው ነገር አይደለም። የላይኛው ጎረቤት የግቢውን ውሃ በደምብ ካስወጣ የታችኛው ቤት ላይ ነው የሚለቀው፣ የታችኛው ግንብ ካቆመ ውሃው ወደ ጎን ዞሮ የሌላ ሰው መሰረት ይበላል። ስለዚ መጀመሪያ ዝናብ ላይ ከሰፈሩ ሰው ጋር ከላይ እስከታች እንሄዳለን፣ ውሃው የት እንደሚገባ አይተን ቦዩን በማን ግቢ እንደምናሳልፍ እዛው ቆመን እንስማማለን፣ በበጋው በደቦ ይቆፈራል። ግድግዳ ከዛ በኋላ ነው።

ጭቃ ቤትን ደግሞ አትናቁ። ከስር እስከ ጉልበት የድንጋይ መሰረት፣ እንጨቱ አፈር የማይነካ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር በደምብ የቦካ፣ የጣራው ክፈፍ ሰፋ ያለ ከሆነ ይቆያል። በብሎኬት ካልሆነ ያለ ሰው ቤቱን ሳይጨርስ ሲሚንቶ ይወደድበታል።

የቀበሌ ቤት ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፣ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ማለት ነው፣ ተከራዩ ማደስ ቢፈልግ እንኳ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ቤት በቤት ከሚጠይቁ ይልቅ ሰፈሩ አንድ ላይ ዝርዝር አዘጋጅቶ ሲቀርብ ነው የሚሰማው።

የቦዩ ስምምነት አሁን ቅሬው መዝገብ ላይ ተፅፏል፣ ማን የቱን እንደሚጠርግ በየስሙ አለ፣ ቦዩን የደፈነ ሰው ከቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣል።