መሀል ያለው እምቢ ካለስ?

ሰሞኑን የአሜሪካንን የፈጣን ባቡር ጉዳይ ሳነብ ነበር እና በጣም ነው ያናደደኝ። እ.ኤ.አ በ2009 ፌደራሉ 8 ቢሊዮን ዶላር መደበ፣ ከቺካጎ (ኢሊኖይ ስቴት) ተነስቶ መሀል ባለው በዊስኮንሲን ስቴት፣ በሚልዋኪና በማዲሰን ከተሞች አድርጎ ሚኒሶታ ስቴት የሚዘልቅ መስመር ታሰበ፣ ከዛ በ2010 አዲስ የተመረጠው የዊስኮንሲን ገዢ አልፈልግም አለ፣ ወደ 810 ሚሊዮን ዶላሩም ወደሌላ ስቴት ሄደ። ኦሃዮም እንደዛው፣ ፍሎሪዳም በ2011። የሚኒሶታ ሰው ግን ምን አጠፋ?

የአካባቢው ስቴቶች እኮ ከ2000 ጀምሮ የጋራ የባቡር ኮሚሽን አላቸው! ግን ተሰብስቦ ማቀድ ሌላ፣ ብር ማዋጣት ሌላ። በ2024 ኢሊኖይ፣ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታ ወጪውን ተካፍለው ከቺካጎ ሚኒሶታ ውስጥ እስካለችው ሴንት ፖል ቦሪያሊስ የሚባል ባቡር አስጀመሩ፣ ፈጣን ባይሆንም በጣም ደስ ይላል።

እኔ ጅማ ቁጭ ብዬ ይሄ ለምን ያንገበግበኛል? ጅማን አልፎ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር የሚሄድ መስመር በሀገራችን የባቡር እቅድ ውስጥ ነበር፣ እኛ ግን አሁንም አዲስ አበባ ለመድረስ ጊቤ በረሃን በአውቶብስ ነው የምናቋርጠው። ያ መስመር አንድ ቀን ከተነሳ ክልሎቹም ጎረቤት ሀገሩም ማን ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚጠግን፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ሀዲዱ ሳይነጠፍ በፊት ይፈራረሙ፣ የምለው ይሄንን ነው።