ሂውስተን ለካ ሰው ነው

ትናንት ቨርጂኒያ ውስጥ ሀይዌይ 81 ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱን ዘጉትና ሁላችንንም ወደ አሮጌው 11 ቁጥር መንገድ አወረዱን፣ ከሌክሲንግተን ትንሽ ወደ ሰሜን ቲምበር ሪጅ የምትባል ቦታ። 18 ጎማ ይዘህ እዛ ጠባብ መንገድ ላይ መገተር ምን እንደሚመስል የነዳ ያውቀዋል። ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸር ደግሞ በየ10 ደቂቃው እየደወለ "የት ደረስክ?" ይላል፣ የት እደርሳለሁ ቆሜ!

በመስኮት ስመለከት መንገዱ ዳር ከነዛ የታሪክ ሰሌዳዎች አንዱ ቆሟል። ነጣ ያለ ብረት ላይ ጥቁር ፊደል፣ አናቱ ላይ የስቴቱ ማህተም፣ ከ1927 ጀምሮ ነው የሚተክሏቸው። ስንት አመት ስመላለስ አንዱንም አንብቤ አላውቅም፣ እየበረርክ ማን ያነባል? ትናንት ግን ሌላ ስራ የለኝም። ሳም ሂውስተን እዚህ ኮረብታ ላይ ማርች 2፣ 1793 ተወለደ ይላል።

ሂውስተን! ቴክሳስ ውስጥ እህቴ ያለችበት ከተማ። እኔ እኮ ቦታ ብቻ ነው የሚመስለኝ፣ ሰው ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅ። ቀኑ ራሱ ገረመኝ፣ ማርች 2 ማለት የካቲት 23፣ አድዋን የምናከብርበት ቀን።

ስልኬን አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። ጄኔራል ነው ሰውየው፣ በ1836 ሳን ሃሲንቶ ላይ የሜክሲኮን ጦር በ18 ደቂቃ ድል አደረገ ይባላል፣ እሱም ቁርጭምጭሚቱን ተመታ፣ በማግስቱ የሜክሲኮውን መሪ ሳንታ አናን ራሱን ማረኩት። ከዛ ቴክሳስ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን ፕሬዚዳንቷ ሆነ። ባሪያም ነበረው፣ ይሄም አይዘለል። ግን ኋላ ቴክሳስ አሜሪካን ተቀላቅላ እሱ ገዥዋ እያለ፣ በ1861 ከአሜሪካ ስትገነጠል ለተገንጣዮቹ ደቡቦች አልምልም ብሎ ከገዥነቱ አወረዱት። እንዲህ ነው ብለህ የማትጨርሰው አይነት ሰው።

እኔን የያዘችኝ ግን እናቱ ናት። ባሏ ሲሞትባት 9 ልጅ ይዛ፣ ከዚህ ኮረብታ ተነስታ ቴኔሲ ድረስ፣ በ1807 ነው እንግዲህ፣ በጋሪ። እኔ ያንን መንገድ ኤሲ ከፍቼ ቡናዬን ይዤ በ5 ሰአት የምጨርሰው ነው፣ እሱንም እያማረርኩ። ልጁ ያኔ 13 ወይ 14 አመቱ ነው፣ ከዛ በኋላ ተመልሶ እዚህ አልኖረም። የተወለደበት ሰፈር ግን ልጃችን ነው ብሎ ሰሌዳ አቆመለት።

አንዴ ወደ አምቦ ስሄድ ጊንጪ ጋ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በመስኮት በጣታቸው እያሳዩ "ያ የጃገማ አገር ነው" ብለውኝ ነበር። ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ማለታቸው ነው፣ የዩብዶው፣ ጣሊያንን ሊዋጋ ጫካ ሲገባ 15 አመቱ የነበረው። ሰሌዳ ምናምን አላየሁም፣ ሽማግሌው ባይነግሩኝ ተኝቼ ነበር የማልፈው። እኔ ራሴ ለማን ነግሬ አውቃለሁ?

ፖሊሱ እለፉ ማለት ሲጀምር ለእህቴ ደወልኩ። "ሂውስተን እኮ የሰው ስም ነው፣ የተወለደበት ቦታ ቆሜ ነበር" አልኳት።

ዝም አለች። "ጋሼ፣ ደህና ነህ ግን? በልተሃል?"

አልበላሁም ለካ።