ሰዘርላንድ፣ መስታወት አጣቢዎቹ ያሉበት ኮረብታ

ከኬፕ ታውን ወደ ሰዘርላንድ የሚወስድ አውቶቡስ ባፈላልግ አጣሁ። የጠየቅኋቸው ሁሉ «መኪና ተከራይ» አሉኝ፤ ተከራየሁ። አከራዩ ድርጅት በስልክ የነገረኝ ዋጋ ሌላ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስፈረመኝ ዋጋ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለጎማ፣ ለፊት መስታወት፣ ለጠጠር መንገድ እያለ 900 ራንድ ያህል ጨመረብኝ። ገንዘቡ ቢከፋኝም ይበልጥ ያናደደኝ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው።

ሥራዬ የሕክምና ላቦራቶሪ መሣሪያዎች ጥገና ነው። ኬፕ ታውን የሄድኩት ለአጭር ሥልጠና ነበር። ሥልጠናው ሲያበቃ ጓደኞቼ ወደ ባሕር ዳርቻው ወረዱ፤ እኔ ግን ሰዘርላንድ አጠገብ ያለውን የደቡባዊ አፍሪካ ታላቅ ቴሌስኮፕን፣ በምኅጻሩ ሳልት የሚባለውን፣ ሳላይ አልመለስም አልኩ። ልቤን የሳበው ኮከቡ አልነበረም። ውድ መሣሪያ በጭብጨባ ተመርቆ ከገባ በኋላ በአንዲት መለዋወጫ እጦት ሸራ ለብሶ ጥግ ሲቆም በሙያዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከከተማ ርቆ በረሃማ ኮረብታ ላይ የተተከለ ያን የሚያህል መሣሪያ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚያጥበው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚፈታው ማየት ፈለግሁ። ስለዚህ ሙያዬን ጠቅሼ አስቀድሜ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ከመደበኛው ጉብኝት በኋላ አንድ ቴክኒሻን ጥቂት ጊዜ እንደሚሰጠኝ መልስ መጣልኝ።

ኤን 1 የተባለው አውራ ጎዳና በሄክስ ወንዝ ሸለቆ የወይን እርሻዎች መካከል ያልፋል። በነሐሴ እዚያ ክረምት ነውና ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ጉቶው ብቻ ነበር የሚታየው። ከሸለቆው ሲወጡ ካሩ ይጀምራል፤ ዛፍ የሌለው፣ ቁጥቋጦ ብቻ የበቀለበት ደረቅ ምድር። በግራ በኩል መንዳቱ መጀመሪያ ላይ ትከሻዬን አደነደነው፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን ግን ቀለለኝ።

ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውኃ ልገዛ ቆምኩ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ወጣት ገና በሩ ላይ ሳለሁ አየኝና በአማርኛ «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። የሆሳዕና ልጅ ነው። ወዴት እንደምሄድ ስነግረው የለበስኩትን ጃኬት ዳሰሰ። «በዚህ ነው ሰዘርላንድ የሚያድሩት? አይሆንም ጋሼ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ወፍራም ብርድ ልብስ ይዞ ወጣ። የውኃውንም ዋጋ አልቀበልም አለ። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። ብርድ ልብሱን በመልሴ አደረስኩለት፤ ሻይ ሳልጠጣም አለቀቀኝም። አገሬ ውስጥ ለማላውቀው መንገደኛ እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ብዙ መንገድ ነዳሁ።

ማይኪስፎንቴን ላይ ከአውራ ጎዳናው ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ከበግና ከአጥር በቀር የማስታውሰው የለም።

ሰዘርላንድ በደቡብ አፍሪካ እጅግ ከሚቀዘቅዙት ከተሞች አንዷ ናት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና ብርድ አውቃለሁ እል ነበር። የደብረ ብርሃን ቤት ግን ጭቃው ወፍራም ነው፤ ሰዉም አብሮ ያድራል። ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ባዶ ሳንቃ ነበር። ማሞቂያ ስጠይቅ በተጨማሪ 150 ራንድ ነው ተባልኩ። ከፈልኩ፤ መሣሪያው ከመሞቅ ይልቅ መጮህ ይቀናው ነበር። ከፍቼ አየሁት፤ ከሁለቱ የማሞቂያ ሽቦዎች አንዱ ተቃጥሏል። ለባለቤትየዋ ጠዋት ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው ገንዘቤን መለሱ። ቧንቧው በረዶ ስለያዘ ፊቴን የታጠብኩት ከአውራ ጎዳናው ዳር በተሰጠኝ ውኃ ነው። ያ ብርድ ልብስ ባይኖር ሌሊቱን እንዴት እንደማነጋው አላውቅም።

ኮረብታው ከከተማዋ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ነጫጭ ጉልላቶች በአንድ ሸንተረር ላይ ተደርድረዋል፤ ትልቁ ሳልት ነው። የቀኑ ጉብኝት ሰዎችን በቡድን ይወስዳል፤ አስጎብኚዋ ጥሩ ተናጋሪ ነበረች፤ ለፎቶግራፍ የሚጣደፉት ጎብኚዎች ግን አላስደመጡንም።

የሳልት ዋና መስታወት አንድ ወጥ አይደለም። እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 91 ባለ ስድስት ጎን መስታወቶች እንደ ማር እንጀራ ተገጣጥመው 11 በ10 ሜትር የሚጠጋ ገጽ ይፈጥራሉ። እያንዳንዱን ከጀርባው ሦስት የሚገፉ አንቀሳቃሾች ይዘውታል፤ በጠቅላላው 273 ናቸው። እነዚህ ሁሉ አንድ ገጽ ሆነው ካልተሰለፉ ከአንድ ኮከብ ብዙ ምስል ይገኛል። ከጉልላቱ ጎን የቆመው ቀጭን ግንብም ለዚሁ አሰላለፍ የተሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው መሣሪያ መስታወቶቹን ቁልቁል እያየ የትኛው እንደተዛነፈ ይለያል። ችግሩ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ብረቱ መኮማተሩና አሰላለፉ መበላሸቱ ነው። በመስታወቶቹ ጠርዝ ላይ መጀመሪያ የተገጠሙት ጠቋሚዎች እንደታሰበው አልሠሩም፤ ስለዚህ ለዓመታት በየሌሊቱ መካከል ምልከታውን አቁሞ እንደገና ማሰለፍ ግድ ነበር። በሌላ ዓይነት ጠቋሚ እስኪተኩ ድረስ ሠራተኞቹ ያንን ጊዜ በትዕግሥት ኖረውበታል።

ቴክኒሻኑ ከቡድኑ ነጥሎ የወሰደኝ መስታወቶቹን ከቅርብ እንዳይ ነበር። ዕድሜው ከኔ የሚበልጥ፣ እጁ ላይ የኬሚካል ጠባሳ ያለበት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የዚያን ዕለት አንድ መስታወት በክሬን ከቦታው ይነሳ ነበር። ሁለት ሰዎች ከታች ሆነው በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ፤ ድምፅ የሚያወጣ የለም። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። መስታወቱ ወጥቶ በቦታው አዲስ የተለበጠ ሲገባ የብሩህነታቸው ልዩነት በዓይን ይታያል፤ አሮጌው የተዳፈነ ግራጫ፣ አዲሱ ንጹሕ ውኃ ነው።

ልባጩ አልሙኒየም ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺኛ እጅ አካባቢ ነው፤ ይሄ ሁሉ ግዙፍ ብረትና ኮንክሪት የተሠራው ያችን ስስ ሽፋን ለመሸከም ነው ማለት ይቻላል። አልሙኒየሙ አዲስ ሲሆን ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ 90 ከመቶ ይመልሳል። ከዚያ የካሩ አቧራ፣ እርጥበት፣ አንዳንዴም የነፍሳት ቆሻሻ ይበላዋል። ስለዚህ መስታወቶቹ በተራ በተራ ይወርዳሉ፤ አሮጌው ልባጭ በኬሚካል ይነሳል፤ መስታወቱ ታጥቦ ምንም ጠብታ ሳይደርቅበት ይጠረጋል፤ ከዚያ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ጋን ውስጥ በአዲስ አልሙኒየም ይለበጣል። የመጨረሻው ሲያልቅ የመጀመሪያው ተራው ይደርሳል። «አጠባው ነው ከባዱ» አለኝ። የጣት አሻራ ወይም የሳሙና ቅሪት ከተረፈ ልባጩ እዚያ ቦታ ላይ አይያዝም፤ ሥራውም ከመጀመሪያው ይደገማል። የደም ናሙና የሚለካ መሣሪያ ብርሃን ማሳለፊያ ስናጸዳ የምንጨነቀውን አስታወሰኝ፤ የኛ ግን ጥፍር አታክልም።

የሳልትን ታሪክ እዚያው ቆመን አወራን። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 ሲመረቅ ዓለም አጨበጨበ። ወዲያው ግን ምስሉ ከመካከሉ ራቅ ሲል እየደበዘዘ መሆኑ ታየ። ዋናው መስታወት የሉል ቁራጭ ስለሆነ ብርሃኑን የሚያርም ባለ አራት መስታወት ክፍል ከላይ ተንጠልጥሏል፤ ያ ክፍል ከተሸካሚው ጋር የተያያዘበት ማያያዣ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር እየተጫነው ያዛባው ነበር። በ2009 አውርደው ፈቱት፤ ማያያዣውን አሻሻሉ፤ በ2010 መልሰው ሰቀሉት። ሙሉ የምርምር አገልግሎት የጀመረው በ2011 ነው። ስድስት ዓመት! ያን ጊዜ ሰዎች ምን ይሏቸው እንደነበር ጠየቅሁት። «ጋዜጣ አላነበብንም» አለና ወደ መስታወቱ ተመለሰ። እኔ ይህንን ታሪክ ከምረቃው ቀን በላይ አከብረዋለሁ። ተመርቆ ያልሠራን መሣሪያ ተስፋ ሳይቆርጡ ምክንያቱን መፈለግ፣ አውርዶ መፍታት፣ መልሶ መስቀል፣ ይህ የሙያችን ትልቁ ክብር ነው።

ከሰዓት በኋላ አስፈቅዶልኝ መስታወቱ 1.9 ሜትር ስፋት ያለውን ሌላ ቴሌስኮፕ አሳየኝ። ለእኔ የጉዞው እንብርት ይህ ነበር። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ፕሪቶሪያ ውስጥ ነው፤ የከተማው ብርሃን ሰማዩን ሲያጥበው ተፈትቶ በ1974 ወደዚህ ኮረብታ መጣ። ሰማያዊና ግራጫ ቀለም የተቀባ ሳጥን ወይም ፕላስቲክ የለበትም፤ ከባድ ብረት፣ ትላልቅ ጥርሶች፣ ዘይት የሚሸት ክፍል ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ግን አዲስ መሣሪያ ተሰቅሏል። የኮከብን ብርሃን ወደ ቀለማቱ የሚበትነው ስፔክትሮግራፍ በ2015 ታድሶ ስፕአፕኒክ የሚል ስም አግኝቷል፤ ሌንሶቹ፣ ብርሃን ተቀባዩና መቆጣጠሪያው ተለውጠዋል። ቀድሞ በእጅ ይዞሩ የነበሩ ክፍሎች አሁን ከኮምፒውተር ይታዘዛሉ። መስታወቱ ያው የ1948ቱ ነው፤ ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ብርጭቆ ዛሬም አዲስ ተመራማሪ ይመግባል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። መስታወቱና ብረቱ አይደለም አለኝ። በዕድሜ ከነዚያ የሚያንሱት፣ በመካከል ዘመን የተገጠሙት የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች ናቸው የሚያስጨንቁት፤ አምራቹ ማምረት አቁሟል፣ ፕሮግራማቸውን የጻፈው መሐንዲስም ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲገጥሙ ሥዕላዊ መግለጫውንና የፕሮግራሙን ጽሑፍ ሳይረከቡ አይፈርሙም። ይህን ሲል ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። የእኛ ግዢ ኮሚቴዎች የሚጠይቁት ዋጋውንና የዋስትና ዘመኑን ብቻ ነው።

ስለ እንጦጦው የሥነ ፈለክ ምልከታ ጣቢያም ጠየቀኝ። ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉን፣ ከፍታቸው 3,200 ሜትር መሆኑን፣ ክረምታችን ለወራት ሰማዩን እንደሚዘጋና የአዲስ አበባ ብርሃንም ቅርብ መሆኑን ነገርኩት። ከፍታው አስቀናው። ዝናቡን ሲሰማ ግን የጠየቀኝ ጉልላቱ ተዘግቶ በሚቆይባቸው ወራት ውስጡ ያለውን እርጥበት በምን እንደምንቆጣጠር ነው፤ ልባጭ የሚጎዳው ክፍት በሆነ ጊዜ ብቻ አይደለምና። እኔ የዚያ ሠራተኛ ስላልሆንኩ መመለስ አልቻልኩም፤ ጥያቄውን ግን እዚያ ለሚሠሩት ላደርስለት ቃል ገባሁ፤ አድርሻለሁም።

ማታ ለጎብኚዎች በተዘጋጁት ትናንሽ ቴሌስኮፖች ሳተርንን አየሁ፤ ያምራል።

በማግሥቱ ጠዋት ስወጣ ቴክኒሻኑ የሚሞሉትን የቀን ሥራ መዝገብ ባዶ ቅጂ በር ድረስ ይዞልኝ መጣ። ቀኑ፣ የተነካው ክፍል፣ የጉልላቱ ሙቀትና እርጥበት፣ ከመንካት በፊትና በኋላ የተለካው፣ የሠራተኛው ፊርማ፤ ከዚያ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ «እንግዳ ነገር ካዩ ይጻፉ» ይላል። ያንን ባዶ ቦታ ሳይሞሉ ማለፍ እንደማይፈቀድ፣ ምንም ካልታየ «ምንም» ተብሎ እንደሚጻፍ ነገረኝ። አሁን ለላቦራቶሪያችን ማሽኖች እንዲሆን አድርጌ እያዘጋጀሁት ነው። የሙቀቱንና የእርጥበቱን ዓምድ ለማስቀረት አስተያየት የሰጡኝ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን አላወጣውም።