ጠመንጃው የትኛው ብረት ነው? የመሣሪያ ክፍሎችን ከቨርጂንያ ወደ ኮሎራዶ ለመላክ ያለፍኩበት መንገድ

ለብዙ ዓመታት ጎረቤቴ የነበሩት ጋሼ እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ አሌክሳንድርያ የነበራቸውን ቤት ለቀው ልጃቸው ወደምትኖርበት ወደ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ሲሄዱ፣ የአደን ጠመንጃቸውንና አንድ ከባድ የእንጨት ሳጥን እኔ ዘንድ በአደራ አኖሩ። በተከታዩ ዓመት ጸደይ ላይ ደውለው «ልጄ፣ እኔ እዚህ ተደላድያለሁ፤ እንግዲህ ዕቃዬን ላክልኝ» አሉኝ። የአደራ ነገር ነውና በዚያው ሳምንት ልጨርሰው አሰብኩ፤ ነገሩ ግን ከሁለት ወር በላይ ወሰደብኝ። ያን ያህል ጊዜ የፈጀው መንገዱ ስለራቀ ሳይሆን፣ የምልከው ዕቃ በሕግ ዓይን ምን እንደሆነ ሳላውቅ በመጀመሬ ነው። በወገኖቻችን መካከል «ፈታትተህ ላከው፣ ያን ጊዜ ብረት እንጂ ጠመንጃ አይደለም» የሚል ምክር በቅን ልቦና ሲሰጥ ስለምሰማና እኔም አምኜው ስለነበር፣ ያለፍኩበትን እንዳለ ለመጻፍ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ዕቅዴ ይህ ነበር። ጠመንጃውን ፈትቼ በሦስት ካርቶን እከፍለዋለሁ፤ በአንዱ ሰደፉን፣ በሌላው መነጽሩንና ትናንሽ ክፍሎቹን፣ በሦስተኛው ደግሞ የቀረውን ብረት አድርጌ በተለያየ ቀን እልካለሁ። በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አሮጌ ፎጣ ዘርግቼ ሁለቱን ቡሎኖች ስፈታ ሰደፉ በቀላሉ ወጣ። በእጄ የቀረው ግን እንዳሰብኩት ተለያይቶ የሚያልቅ አልነበረም። አፈሙዙ በኋላው በኩል ወፍራም ብረት ውስጥ በጥርስ ተጠምዝዞ የገባ ነው፤ ያለ ልዩ ማጥበቂያና ቁልፍ አይፈታም። በዚያ ወፍራም ብረት ጎን ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። እኔ ቁጥሩን የፋብሪካው ምልክት ነው ብዬ አለፍኩት።

ጉዳዩን የገለጠልኝ ለማሸጊያ የሚሆን ጠንካራ ሣጥን ልገዛ የሄድኩበት የመሣሪያ ሱቅ ባለቤት ነው። የት እንደምልክና እንዴት እንደምልክ ሲጠይቀኝ ሳልደብቅ ነገርኩት። ከመደርደሪያው አንድ ተመሳሳይ ጠመንጃ አወረደና ቁጥሩ ባለበት ቦታ ላይ ጣቱን አኑሮ «ሕጉ ጠመንጃ የሚለው ይህን ነው፤ ሌላው ሁሉ ዕቃ ነው» አለኝ።

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ «መሣሪያ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም፣ የሚተኩሰውን ሙሉ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውን ዋና አካል፣ ማለትም በጠመንጃ ላይ ሪሲቨር፣ በሽጉጥ ላይ ደግሞ ፍሬም የሚባለውን ክፍል ለብቻው እንደ ሙሉ መሣሪያ ይቆጥረዋል። ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ቃታ፣ መቀርቀሪያ፣ ማነጣጠሪያና መነጽር በፌዴራል ሕግ መሣሪያ አይደሉም። ስለዚህ እኔ በሦስተኛው ካርቶን «የቀረው ብረት» ብዬ ልልከው የነበረው ነገር ጠመንጃው ራሱ ነበር። ይኸው ሕግ ፈቃድ የሌለው ግለሰብ በሌላ ክፍለ ግዛት ለሚኖር ፈቃድ የሌለው ግለሰብ መሣሪያ በቀጥታ እንዳያስተላልፍ ይከለክላል፤ ይህን አውቆ የጣሰ ሰው እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ጋሼ ንብረቱ የራሳቸው ቢሆንም፣ ያን ጊዜ የኮሎራዶ ነዋሪ ሆነዋል፤ እኔ ደግሞ የቨርጂንያ ነኝ። በመካከላችን የፌዴራል ፈቃድ ያለው ነጋዴ መግባት ነበረበት።

በአውሮፕላን ይዤላቸው ብሄድስ ብዬም አስቤ ነበር። መሣሪያ ጥይቱ ወጥቶ፣ በሚቆለፍ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ሆኖ፣ ለአየር መንገዱ ተገልጾ በሚጫን ሻንጣ እንዲጓዝ ይፈቀዳል። ነገር ግን ይህ የጉዞ ሕግ ነው፤ ኦሮራ ደርሼ ጠመንጃውን በእጃቸው ባስረክብ የማስተላለፉን ክልከላ እዚያው እጥሰው ነበር። መንገዱ መፈቀዱ ርክክቡን አይፈቅድም። እግረ መንገዴን የተረዳሁትና ሐዘን የደረሰባቸው ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በኑዛዜ ወይም በውርስ የሚተላለፍ መሣሪያ በፌዴራል ሕጉ ከዚህ ክልከላ ውጭ ተደርጓል፤ ሆኖም ወራሹ በሚኖርበት ክፍለ ግዛት ሕግ መሣሪያውን መያዝ የሚችል ሰው መሆን አለበት።

ከዚያ ወደ እንጨት ሳጥኑ ተመለስኩ፤ ለእኔ ከጠመንጃው ይልቅ ትምህርት የሆነኝ ይህ ሳጥን ነው። በውስጡ የኤ አር-15 ዓይነት ጠመንጃ የላይኛው ክፍል ከነአፈሙዙ፣ አንድ ትርፍ ሰደፍ፣ የቃታ ክፍሎች በትንሽ ከረጢት፣ እያንዳንዳቸው 30 ጥይት የሚይዙ ሁለት የጥይት ካርታዎችና ሁለት ፓኬት ጥይት ነበሩ። በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ ቁጥሩን የሚሸከመውና በሕግ መሣሪያ የሚባለው የታችኛው ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የላይኛው ክፍል ምንም እንኳ ለዓይን ጠመንጃ ቢመስልም፣ በፌዴራል ሕግ መለዋወጫ ነው። በአንጻሩ ከጠመንጃው የተረፈው ያ አጭር ብረት፣ ለማያውቅ ሰው የቧንቧ ዕቃ የሚመስለው፣ ሙሉ መሣሪያ ነው። ዓይን የሚያየውና ሕጉ የሚያየው እንዲህ ይለያያሉ።

የሱቁ ባለቤት ስለ ሳጥኑ ስነግረው በመጀመሪያ የጠየቀኝ ሁለት ነገሮችን ነው፤ የድምፅ ማፈኛ አለበት ወይ፣ ደግሞም ከፊል አውቶማቲኩን ወደ ሙሉ አውቶማቲክ የሚቀይር ትንሽ ብረት አለበት ወይ ብሎ። እነዚህ ሁለቱ «ክፍል ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ጨርሶ የማይሠራባቸው ናቸው። የድምፅ ማፈኛ ለብቻው በሕግ መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ብሔራዊ የመሣሪያ ሕግ መሠረትም መመዝገብ አለበት፤ ለማፈኛ ሥራ ብቻ የታሰበ ክፍሉም እንደ ማፈኛው ይታያል። መቀየሪያው ብረት ደግሞ ከጣት የማይበልጥ ቢሆን እንኳ ለብቻው እንደ መትረየስ ይቆጠራል። ሳጥኑን አንድ በአንድ ፈትሼ ሁለቱም አለመኖራቸውን አረጋገጥኩ።

ቀጥሎ የአፈሙዙን ርዝመት እንድለካ መከረኝ። የጠመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች፣ የሾትገን ደግሞ ከ18 ኢንች ካነሰ፣ ከመሣሪያው ጋር ሲገጠም በዚሁ የ1934 ሕግ ሥር የሚወድቅ አጭር መሣሪያ ይሆናል። አለካኩም በውጭ በኩል በሜትር ዘርግቶ አይደለም። መቀርቀሪያውን ዘግቼ፣ የጽዳት ዘንጉን ከአፈሙዙ ጫፍ አስገብቼ ከመቀርቀሪያው ፊት ጋር እስኪነካ ገፋሁት፤ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ አወጣሁና ዘንጉን ለካሁ። ከ16 ኢንች ጥቂት ይበልጥ ነበር። ጫፉ ላይ በቡሎን የታሰረው የብልጭታ መከላከያ በልኬቱ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው በብየዳ ወይም በመሰል መንገድ በቋሚነት የተያያዘ ብቻ ነው።

የጥይት ካርታዎቹ ጉዳይ ግን በፌዴራል ሕግ ላይ ብቻ ዓይኔን ተክዬ ብቀር ኖሮ ጋሼን በማይገባቸው ችግር ውስጥ ይከታቸው ነበር። የፌዴራል ሕጉ ስለ 30 ጥይት ካርታ የሚለው ክልከላ የለም፤ በቨርጂንያም ያን ጊዜ ማንም የሚጠይቀኝ አልነበረም። ኮሎራዶ ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ወዲህ ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካርታ እንዳይሸጥና እንዳይተላለፍ፣ ከዚያ ቀን በፊት የተያዘ ካልሆነ በስተቀርም እንዳይያዝ ከልክላለች። ጋሼ ካርታዎቹን ያገኟቸው ከዚያ በኋላ ነው። የሌሎቹም እንዲሁ ይለያያል፤ ካሊፎርንያ፣ ኒውዮርክና ኒውጀርሲ ጣራውን 10 ላይ አድርገውታል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ክፍለ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ከ10 በላይ የሚይዝ ካርታ ወደ ግዛቷ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ደንግጋለች። ከዚህ የያዝኩት ልማድ አለ፤ አንድን ዕቃ ከማሸጌ በፊት የምጠይቀው እኔ ባለሁበት ይፈቀዳል ወይ ብዬ ሳይሆን፣ የሚቀበለው ሰው ባለበት ይፈቀዳል ወይ ብዬ ነው። ያላለቀ፣ ቁጥር ያልተቀረጸበት ሪሲቨር ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ከዚህም ይከብድ ነበር። ኮሎራዶ እንዲህ ያሉትን እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ከልክላለች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በሰባት ለሁለት ድምፅ፣ የመገጣጠሚያ ኪቶችና ያላለቁ ዋና አካላት በ1968ቱ ሕግ ቁጥጥር ሥር ሊወድቁ እንደሚችሉ ወስኗል።

ያጋጠመኝ ትልቁ መጉላላት የመጣው ግን ከሕግ ሳይሆን ከአጓጓዥ ነው። የላይኛውን ክፍልና ሰደፉን አሽጌ ወደ አንድ የግል አጓጓዥ ድርጅት ቅርንጫፍ ወሰድኩ። በመስኮቱ ለነበረችው ሠራተኛ ምን እንደያዘ በግልጽ ነገርኳት፤ ተቀበለችኝ፤ ገንዘቤንም ከፈልኩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ካርቶኑ ተከፍቶና በሌላ ሰው ቴፕ ታሽጎ ደጄ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ዕቃው የድርጅቱን ደንብ ስለማያሟላ መመለሱን ይገልጻል። ገንዘቡም አልተመለሰልኝም። ሠራተኛዋን አልወቅስም፤ ደንቡን አታውቀውም ነበር። እኔ ግን ሕግ የፈቀደውን አጓጓዥ ሊከለክል እንደሚችል፣ መብቱም እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። በመስኮት የሚሰጥ ቃል ዋስትና አይደለም፤ የድርጅቱን የጽሑፍ ደንብ ቀድሞ ማንበብና ገጹን አትሞ መያዝ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የሚላከው ሁሉ በፖስታ ቤት ሄደ። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በደንቡ እንደ አፈሙዝና ሰደፍ ያሉ፣ መሣሪያ ያልሆኑ ክፍሎችን ይቀበላል። ጥይት የወጣለት ረጅም ጠመንጃም ከግለሰብ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሲላክ፣ ተቀባዩ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከሆነ ይቀበላል። ሽጉጥ ግን፣ ፍሬሙም ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በወጣው ሕግ መሠረት እኔ በላክሁበት ጊዜ ከግለሰብ እጅ በፖስታ አይላክም ነበር። ጥይት፣ ባሩድና ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰው የጥይት ክፍል) ደግሞ ጨርሶ አይቀበልም። ሁለቱን ፓኬት ጥይት አውጥቼ ለብቻ አስቀምጬ ነበር፤ ይሁንና የጠመንጃውን የጨርቅ ማኅደር ገልብጬ ሳራግፈው ከጎን ኪሱ ስፌት ውስጥ አንዲት ጥይት ወለሉ ላይ ወድቃ ተንከባለለች። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያቺ አንዲት ጥይት በካርቶኑ ውስጥ ተገኝታ ቢሆን ኖሮ፣ ሁሉንም በትክክል አድርጌ በእርሷ እጠየቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ማኅደሩን ትቼ በአዲስ ሣጥን ብቻ አሸግሁ።

ጠመንጃውን ለሚቀበለው የኦሮራ ነጋዴ አስቀድሜ ደወልኩ። ይህ አስፈላጊ ነው፤ አንዳንዶቹ ነጋዴዎች ከሌላ ነጋዴ እንጂ ከግለሰብ አይቀበሉም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዲያ ብለው መለሱልኝ። ሦስተኛው ተስማማና የፈቃዱን ቅጂ ላከልኝ፤ ቁጥሩን የጦር መሣሪያ ንግድን በሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ በኤ ቲ ኤፍ፣ የፈቃድ ማጣሪያ ገጽ ላይ አስገብቼ ስሙና አድራሻው አንድ መሆኑን አየሁ። በሣጥኑ ውስጥ የመንጃ ፈቃዴን ቅጂ፣ የጋሼን ስምና ስልክ፣ የጠመንጃውን ዓይነትና ቁጥር የያዘ ደብዳቤ አኖርኩ። በውጭው ላይ ግን ውስጡ መሣሪያ መሆኑን የሚጠቁም አንዳች ጽሑፍ አላደረግሁም፤ የፖስታ ደንቡም ይህንኑ ያዛል። ለፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ጥይት እንደሌለው በጽሑፍ አረጋገጥኩ፤ ሲደርስ በፊርማ እንዲረከቡትም ተጨማሪ ከፈልኩ።

ሣጥኑ በደረሰ ማግስት ጋሼ ደውለው፣ ሱቁ ለእሳቸው ስለሚርቅ በአቅራቢያው የሚማረው የእህታቸው ልጅ ቢረከብላቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ እንዳያደርጉት» አልኳቸው። መሣሪያ ከነጋዴ ሲረከቡ በሚሞላው የፌዴራል ቅጽ፣ በቅጽ 4473፣ ላይ የሚፈርመው መሣሪያውን ለራሱ የሚረከበው ሰው ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው ብሎ ለራሴ ነው ብሎ መፈረም ወንጀል ነው። ልጁ ደግሞ በተማሪ ቪዛ ያለ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው መሣሪያ መያዝ ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልረዱት በቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም፤ የመኖሪያ ወረቀቱንም ያበላሽበታል። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉና «እኔው እሄዳለሁ» አሉ። ሄዱም፤ ቅጹን ሞሉ፤ መሣሪያ ለመያዝ የሚከለክላቸው ነገር አለመኖሩን የሚያጣራው ምርመራ አለፈ፤ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በምትጠይቀው የሦስት ቀን ቆይታ መሠረት በአራተኛው ቀን ተረከቡ።

በዚህ መካከል ወሬው አገር ቤት ደርሶ፣ አንድ ዘመዳቸው ከደብረ ማርቆስ ደውሎ «እግረ መንገድህን አንድ መነጽር ለጠመንጃዬ ላክልኝ» አለኝ። ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በነጻ የሚላክ መነጽር ከአሜሪካ ሲወጣ በወጪ ንግድ ቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹን እንዲህ ያሉ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ወዲህ የንግድ ሚኒስቴሩ ይቆጣጠራቸዋል። በኢትዮጵያም በኩል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። አልችልም ብዬ ምክንያቱን አስረዳሁት፤ ቅር ብሎታል፤ እኔም ቅሬታውን ተቀብዬ አለሁ።

ሁለቱን የጥይት ካርታዎችና ጥይቱን በጋሼ ፈቃድ ለዚያው ለመከረኝ የሱቅ ባለቤት ሸጥኳቸውና ገንዘቡን ላክሁላቸው። የፖስታ ደረሰኞቹ፣ የነጋዴው ፈቃድ ቅጂና በየጊዜው ያተምኳቸው ደንቦች በአንድ አቃፊ ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጠዋል።